ግንቡን አይታችሁ ብራናውን ዘለላችሁት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ጀርመኗ ከተማ ቱቢንገን ያወጣችሁትን የጉዞ ዘገባ አነበብኩት። ፎቶዎቹ አሪፍ ናቸው፤ የኔካር ወንዝ፣ ቀጫጭኖቹ ጀልባዎች፣ የእንጨት ቤቶቹ፣ ከላይ ደግሞ ግንቡ። እዚሁ ነዋሪ ነኝና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንዷ አረፍተ ነገር ግን አላስቀመጠችኝም፦ «ከተማዋ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛት ታሪክ ባይኖርም»።

ባይኖርም?

ጋዜጠኛችሁ ግንቡ ድረስ ወጥቷል። ፍሪድሪሽ ሚሸር እ.ኤ.አ. በ1869 ዛሬ ዲኤንኤ የምንለውን ነገር ያገኘበትን የድሮ ወጥ ቤት አይቷል። ደግ አደረገ። ያው ግንብ ከ1819 እስከ 1912 የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መቀመጫ እንደነበር ግን የነገረው የለም። እሱም አልጠየቀም። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከኢትዮጵያ ያመጣቸውን የግዕዝ ብራናዎች የተረከበው ይኸው ቤተ መጻሕፍት ነው። ክራፕፍም የሩቅ ሰው አይደለም። በ1810 የተወለደባት ዴሬንዲንገን ዛሬ የቱቢንገን አንድ ሰፈር ናት። ሸዋ ገብቶ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የተቀመጠው ሚስዮናዊ እሱ ነው። ውደዱት አላልኩም። ብራናዎቹ ከማን እጅ፣ እንዴት ወጡ የሚለው እኔንም ይከነክነኛል። ታዲያ ይህን መጠየቅ የጋዜጠኛ ሥራ አልነበረም?

በ1840ዎቹ ስለ ብራናዎቹ የጻፈው እዚሁ ያስተምር የነበረው ፕሮፌሰር ኤዋልድ ነው። ተማሪው ደግሞ አውጉስት ዲልማን። አዎ፣ ያው ዲልማን! በ1865 የወጣው የግዕዝ መዝገበ ቃላቱ እስካሁን ከተመራማሪዎች እጅ አልጠፋም። ይህ ሁሉ «ባይኖርም» ከተባለ፣ በዘገባችሁ ለከተማዋ አይስክሬም የተሰጠው ሙሉ አንቀጽ ምን ሊባል ነው?

ፈረንጆቹ ሲረሱን ለምጄዋለሁ። ልጄ ክፍል ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ሲነሳ የምትሰማው ድርቅና ሩጫ ነው። ቤት ስትገባ እኔ ነኝ ስለ ብራናዎቹ የምነግራት። ባለፈው «አባዬ፣ ታዲያ ለምን ማንም አይጽፈውም?» አለችኝ። ዘገባችሁን ላሳያት ነበር። ተውኩት።

ስለ ቤቶቹም አንድ ነገር ልበል። «ከተረት የወጡ» ከተባሉት ቤቶች የብዙዎቹ ግድግዳ በእንጨቱ መሃል የተመረገ፣ ጭድ የገባበት ጭቃ ነው። እናቴ ያሳደገችኝ ቤትም እንደዚሁ ማገርና ጭቃ ነበር። እናንተው ጋ እንዲህ ዓይነቱ ቤት ሲነሳ «ደሳሳ ጎጆ» ይባላል። ቱቢንገን ሲደርስ ጭቃው ተረት ሆነ!

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያቺ አረፍተ ነገር ትውጣ፤ ማስተካከያውም ዘገባው በወጣበት ቦታ ይውጣ፣ ማንም በማያየው ጥግ አይደለም። ጋዜጠኛችሁ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ከግንቡ ወርዶ አሁን ቪልሄልም ጎዳና ላይ ነው። ዳገት የለውም፣ አይደክመውም።

አንባቢያችሁ፣ ከቱቢንገን