ያቺ የወንዝ ዳር መሬት

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምክ?

ሰባት ዓመት ሆነን አይደል? ያባባ ተዝካር የወጣው በ2011 ጥር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ሰው ስላንተ ሲጠይቀኝ "ኔትወርክ የለም" እያልኩ አሳብቤያለሁ። እውነትም ከነሐሴ 2015 በኋላ እኛ ጋ ኢንተርኔት ጠፍቶ ከርሟል፣ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ነው የኖረው። ግን ከዚያ በፊት ለነበሩት አራት ዓመታት ምን ሰበብ አለኝ? ስልክህ አልተቀየረም፣ የኔም አልተቀየረም። አፍሬ ነው በቃ።

ያን ቀን ያልኩህን ሁለታችንም እናውቃለን። ዳሱ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ጠላውን ይዞ በተቀመጠበት፣ "ያባቴን መሬት በልታችሁ ደግሞ እንጀራውን ልትበሉ መጣችሁ" አልኩህ። አረቄው ነው ያናገረኝ እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆየሁ። አረቄው ያወጣው ውስጤ የነበረውን ነው። አንተ ምንም አልመለስክልኝም። ጋቢህን አጣፋህና ወጣህ። እማዬ እስከ በሩ ተከትላህ ነበር፤ ምን እንዳለችህ እስካሁን አልነገረችኝም።

አሁን ምን አስነሳህ ትለኝ ይሆናል። ልጄ ናት ያስነሳችኝ። ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፣ እኔን አልፋ ልትሄድ ምንም አልቀራትም። መምህሯ "የዘር ሐረጋችሁን ቆጥራችሁ ኑ" ብሏቸው ደብተሯን ይዛ ፊቴ ተቀመጠች። አባባን አልኩ፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን፣ ከዚያ ቆምኩ። በኛ አገር ሰባት ቤት መቁጠር ያልቻለ ሰው እኮ ድሮ ሚስት ማግባትም፣ መሬት መጠየቅም አይሆንለትም ነበር። እኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የሰው ልጅ ታሪክ አስተምራለሁ፣ የራሴን አራተኛ አባት አላውቅም።

እማዬ ጋ ደወልኩና ስልኩን ለልጅቷ ላውድ ላይ አደረግኩላት። ጤፍ እያበጠረች ነበር፤ የሰፌዱ ድምፅ ይሰማል። የራሷን ወገን እንኳ አይደለም፣ ያባባን ዘር፣ ሰፌዱን ሳታቆም ቆጠረችው። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ "እሱማ የጓደኛህም ነው" ብላ ወደ ሰባተኛው አለፈች።

"ምን ማለትሽ ነው?" አልኳት።

"ዘመድ ናችሁ ማለቴ ነዋ። አታውቅም እንዴ?"

አላውቅም ነበር። (እህትህን ላስጠይቅ ያሰብኩበትን ዘመን አስበው። ሽማግሌዎቹ እንዴት ይስቁብኝ ነበር!) ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ የነገረችኝ ነው ይኸን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

ያቺን የወንዝ ዳር መሬት አያቴ ያገኛት ተከራክሮ ነው። ከማን ብትለኝ፣ ካንተ አያት። ርስት በናትም ባባትም ይወረስ ስለነበር፣ መሬቱን መጀመሪያ ያቀና አባቱ ድረስ ቆጥሮ የደረሰ ሁሉ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ "ድርሻዬን" ይላል። ጎጃም ውስጥ መሬት ያነሰው እንጂ ሙግት ያነሰው ሰው አልነበረም። ያንተ አያት በናታቸው ወገን ይዘዋት ኖሩ፣ የኔ አያት "እኔ እበልጣለሁ" ብሎ ተነሣ፣ ስንት ዓመት ዳኛ ፊት ተመላልሰው እሱ ረታ። ያንተ አያት ከዚያ ወዲያ ወደ ወንዙ በሌላ መንገድ ይወርዱ ነበር አለች እማዬ። መሬቲቱን እንዳያዩ።

እኔ ስለ አያቴ የማውቀው ጀግንነቱን ብቻ ነበር። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ጠመንጃውን አንስቶ ጫካ የገባውን። ግብሩ ብቻ አልነበረም ያስነሳቸው፤ ገማች ሲመጣ ቃላድ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ይከተላል፣ ቃላድ ሲጣል ርስት ይሄዳል ብለው ነው። አውሮፕላን መጥቶ መንደር ደበደበ፣ ገበሬው ግን አልገበረም። መጨረሻ ላይ መንግሥት ነው ያፈገፈገው፣ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከሹመታቸው ተነሡ። ይኸን ስንቴ አውርቼልሃለሁ! ካንተ አያት ስለወሰዳት መሬት ግን ቤታችን ውስጥ ያወራ ሰው የለም።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ። ያ ሁሉ ቆጠራና ሙግት ባንድ አዋጅ ቀረ። አባባ ማንበብና መጻፍ ስለሚችል የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር አደረጉት። ሊቀመንበርነቱ ምን እንዳተረፈለት አላውቅም፤ በ1989 የመሬት ሽግሽጉ ሲመጣ ግን "ቢሮክራት" አስባለው፤ በደርግ ጊዜ ሹመት የነበረውን ገበሬ እንዲያ ነበር የሚሉት። ለቢሮክራት የሚፈቀደው 4 ጥማድ ነው፣ አንድ ሄክታር። የተረፈው ለሌላ ይከፈላል። አባባን ታውቀዋለህ፣ ቢሮ የሚገባው ግብር ሊከፍል ነው። የማኅበሩ ስብሰባ እንኳ ዋርካ ሥር ነበር።

አንተና እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርን። ሲለካ ዳር ቆመን ያየነውን ታስታውሳለህ? ጓያው ገና አልታጨደም። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የኮሚቴ አባል ስለነበሩ የገመዱን ጫፍ ይዘዋል። ገመዱ ጓያው ላይ ሲጎተት እሸቱ ይተኛና መልሶ ብድግ ይላል። አባባ መሀል ላይ ቆሞ እሸት እየቀነጠሰ ይፈለፍላል፣ አይበላውም፣ መሬት ላይ ይጥለዋል። አንዲት ቃል አልተናገረም። በኋላ አዲስ አበባ ድረስ አቤት ሊሉ ከሄዱት ገበሬዎች ጋር ሄዶ ነበር፣ ጫማው አልቆ ባዶ እጁን ተመለሰ። ያቺ መሬት ለታላቅ ወንድምህ ደረሰች። በሳምንቱ አንተ ኳስ ላይ ስንጣላ "የቢሮክራት ልጅ" አልከኝ፣ ማታ ደግሞ ኪስህ ውስጥ የነበረውን ቆሎ አካፈልከኝ። እንደዚያ ነበርን።

ከዚያ በኋላ ነው አባባ "አንተ ተማር፣ መሬቱ አይበቃችሁም" ያለኝ። ማስተማር ወድጄ እንዳልገባሁበት ታውቃለህ። ማታ አጠና የነበረው ያቺን መሬት እያሰብኩ ነው። ማን ነህ ቢሉኝ፣ አፌ ሌላ ቢልም፣ ልቤ "መሬቱ የተወሰደበት ሰውዬ ልጅ" ነበር የሚል። አርባ ዓመት ሞልቶኝ እንኳ አልለቀቀኝም፤ አንተ ላይ ያፈሰስኩትም እሱኑ ነው።

እማዬ ግን በስልኩ ምን አለችኝ መሰለህ? "እናንተ ተወሰደብን ስትሉ፣ እነሱስ ያኔ ምን ሲሉ ኖሩ?" ብላ ሰፌዷን አነሣች።

ኅዳር ላይ አገር ቤት ሄጄ ነበር። የእማዬን መሬት በእኩል የሚያርስላት ማን እንደሆነ ሰምተህ ይሆናል፣ ያው ወንድምህ ነው። አውድማው ላይ ሳትገኝ እንኳ ድርሻዋን ሰፍሮ በአህያ ይልክላታል፤ እሷም ሰው አታስቆጥርም። እኔ ይኸን ለዓመታት እያወቅኩ አላውቅም ነበር። ወደ ወንዙ ወረድኩ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ ልዘን ብዬ ነው የወረድኩት። መቆሚያ አጣሁ። ሁሉም ባሕር ዛፍ ሆኗል፣ ቀጥ ቀጥ ብሎ፣ ሥሩ ሣር እንኳ የለም። ወንድምህ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣና "ጤፍ ማዳበሪያ ይላል፣ ዘር ይላል፤ ይኼ ምንም አይልም" አለኝ። ስለ ዋጋው አወራን። ስላንተም ጠየቅኩት፤ ሁለተኛ ልጅ እንደወለድክ የሰማሁት ያኔ ነው። እንኳን ማርያም ማረቻት። ዘግይቼ ነው፣ ይቅርታ።

ማታ እማዬ የመሬቱን ደብተር ከሣጥን አውጥታ አሳየችኝ። አባባና እሷ ጎን ለጎን የተለጠፉበት ፎቶ አለ፤ እሱ ኮስተር ብሎ፣ እሷ ሻሿን እስከ ግንባሯ አስራ። አዋሳኝ የሚለው ላይ፣ በሰሜን በኩል፣ ያባትህ ስም ተጽፏል።

ያን ቀን ላልኩህ ነገር ይቅር በለኝ። ሰው ፊት ስለተናገርኩት ሰው ፊት ነው የምክሰው፤ እማዬ ለጥምቀት ይመጣ እንደሆን ጠይቀው ብላለች፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ማለቴ ነው። ካልሆነም ደውልልኝ።

ልጄ ሰባቱንም ጽፋ አሥር ከአሥር አገኘች። ያንተ ትልቁ ልጅም አንድ ቀን ይጠየቅ ይሆናል። ስድስተኛውና ሰባተኛው እኔ ጋ አሉ፣ የታችኞቹን አምስቱን አንተ ሙላለት።

ያው ጓደኛህ