ሳልመልስልሽ የቀረሁት ጥያቄ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፦

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ከአራት ዓመት በላይ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። አሁን ከፊቴ ዘርግቼዋለሁ። «እናንተ የሰው አንቲቦዲ ነው ትላላችሁ፤ እኔ ግን ጠብታው መውረድ እንደጀመረ በሽተኛዬን ብርድ ብርድ ሲለውና ሲያንዘፈዝፈው አያለሁ። የሰው ከሆነ ሰውነቱ ለምን ይጣላዋል?» ብለሽ ጽፈሻል። መልሱን ጀምሬው ነበር። በዚያው ሳምንት አምስት ዓመት የደከምንበት የአንቲቦዲ መድኃኒት ሙከራ እንዲቆም ተወሰነ። ማንንም አልጎዳም፤ ግን ማንንም አልጠቀመም። ከዚያ በኋላ ስለ አንቲቦዲ መጻፍ አቃተኝ፤ እሱን ትቼ ስለ ሌላ ነገር ብጽፍልሽ ደግሞ አንቺን መሸንገል መሰለኝ። ዝምታው በቆየ ቁጥር እየከበደ ሄደ። ይቅር በይኝ።

አሁን ልመልስልሽ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አንቲቦዲ፣ እንደምታውቂው፣ ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን ነው።

የነገሩ ታሪክ በየቀኑ በምታነቢያቸው የመድኃኒት ስሞች መጨረሻ ላይ አለ። በ1975 ኮለርና ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች ካምብሪጅ ውስጥ አንቲቦዲ የሚሠራ የአይጥ ሴል ወስደው መባዛት ከማያቆም የካንሰር ሴል ጋር አዋሃዱት። የተገኘው ሴል ዓይነቱ አንድ ብቻ የሆነ አንቲቦዲ ሳያቋርጥ ያመርታል። በ1986 ከዚህ መንገድ የመጣው የመጀመሪያው መድኃኒት ሙሮሞናብ ሰውነት የተተከለ ኩላሊትን መግፋት ሲጀምር ለማከም ተፈቀደ። ግን የአይጥ ነበርና የታካሚው ሰውነት አወቀው፤ በመድኃኒቱ ላይ ሌላ አንቲቦዲ አዘጋጀበት። ከዚያ በ1997 ሪቱክሲማብ መጣ፤ ጫፉ የአይጥ፣ የቀረው የሰው። በ1998 ትራስቱዙማብ፤ ከአይጥ የቀሩት ዒላማውን የሚይዙት ትናንሽ ቀለበቶች ብቻ። «ክሲማብ» እና «ዙማብ» የሚሉት መጨረሻዎች ይህንን ነው የሚናገሩት። «ኡማብ» ሲሆን ሙሉ በሙሉ የሰው ማለት ነው። በ2017 ግን ይህ ምንጩን የሚያመለክተው ፊደል ለአዳዲስ ስሞች ቀረ። ለምን እንደቀረ ሳስብ ጥያቄሽ ነው ትዝ የሚለኝ።

ወደ «ኡማብ» የደረስነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ባክቴሪያን በሚያጠቁ ጥቃቅን ቫይረሶች ላይ የሰውን አንቲቦዲ ቁርጥራጮች በብዛት አውጥቶ ዒላማውን የሚይዘውን መልቀም ነው፤ በ2002 የተፈቀደው አዳሊሙማብ የተገኘው እንዲህ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ይገርመኛል። በ1994 ሁለት ቡድኖች የአይጧን የአንቲቦዲ ጂኖች ጸጥ አሰኝተው በምትካቸው የሰውን ያስገቡባቸውን አይጦች ይፋ አደረጉ። አይጧን ስትከትቢያት በደሟ ውስጥ የሚዞረው የሰው አንቲቦዲ ነው። በ1999 ኮፐንሃገን ላይ የተቋቋመው ጄንማብ የተባለ ኩባንያ ሥራውን የጀመረው እንዲህ ባሉ አይጦች ነው። አንቺ ማዬሎማ ለተባለው የደም ካንሰር ሕሙማን የምትሰጪው ዳራቱሙማብም የተገኘው ከእነዚህ አይጦች ሲሆን የመጀመሪያ ፈቃዱን ያገኘው በ2015 ነው። ኩባንያው ግን መንገዱን ብቻውን አልጨረሰውም፤ በ2012 ለጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የማልማትና የመሸጥ መብቱን ሰጥቷል። ለብዙ ሺህ ሰው የሚሆን ማምረትና ትልልቅ ሙከራዎችን መምራት ለትንሽ ኩባንያ ከአቅም በላይ ነው።

እንግዲህ የሰው ከሆነ ለምን?

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። «የሰው» የሚለውን ቃል ላንቺ ስነግርሽ ሰውነት ይቀበለዋል የሚል ቃል ኪዳን አስመስዬ ነበር። ቃሉ የሚናገረው የጂኑን ጽሑፍ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ አንቲቦዲ ጫፍ ግን እንደ ጣት አሻራ ለብቻው የተሠራ ነው፤ ያንን ጫፍ የዚያ በሽተኛ ሰውነት ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። አዳሊሙማብን ከሚወስዱ ሰዎች አንዳንዶቹ በእሱ ላይ አንቲቦዲ የሚያዘጋጁትና መድኃኒቱ ቀስ በቀስ የሚከዳቸው ለዚህም ነው። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምናመርተው ከሃምስተር እንቁልጢ በመጡ ሴሎች ነው፤ በትልልቅ የብረት ጋኖች ውስጥ። ስኳሮቹን አንቲቦዲው ላይ የምትለጥፈው የሃምስተሯ ሴል ናት፤ አለጣጠፏም ከእኛ ሴሎች ትንሽ ይለያል። ፕሮቲኑ ከተጣበቀና ከጓጎለ ደግሞ ሰውነት የበለጠ ይነቃበታል። ጠርሙሱ ላይ «አትነቅንቁ» የሚለው ማስጠንቀቂያ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። አንቺ ቀስ አድርገሽ ስታገላብጪው የእኛን የብዙ ወራት ሥራ እየጠበቅሽ ነው።

ማንዘፍዘፉ ግን ብዙ ጊዜ ጠብ አይደለም። ዒላማው የካንሰር ሴል ሲሆን አንቲቦዲው ገና እንደገባ ሴሎቹን ይይዛል፤ ሌሎች ተከላካይ ሴሎች ይነሳሉ፤ ትኩሳትና ብርድ የሚያመጡ ኬሚካሎች ወደ ደም ይለቀቃሉ። በአብዛኛው በመጀመሪያው ቀን የሚብሰውና በኋላ የሚቀለው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚያዘው ብዙ ነው። ያን ቀን ለበሽተኛሽ «መድኃኒቱ ሴሎቹን እየያዘ ነው» ብትይው ውሸት አይሆንብሽም ነበር። ይህን ሳልነግርሽ አራት ዓመት መቅረቴ ይቆጨኛል። በ2020 ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ዳራቱሙማብ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጅ የነበረው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ሆነ፤ እንዲህ ያለው ምላሽም በብዙ ቀነሰ። ዜናውን ሳነብ ያሰብኩት ወንበሩ አጠገብ ቆመሽ የዋልሽባቸውን ቀናት ነበር።

የእኛው መድኃኒት ለምን ወደቀ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። ዒላማውን በትክክል ይይዝ ነበር፤ አይጓጉልም፤ በደም ውስጥም ይቆያል። ዒላማው ግን በሽታውን የሚነዳው አልነበረም። አምስት ዓመት ሙሉ አያያዙን ስናሳምር ኖረን፣ መያዙ ለበሽተኛው ምን ይፈይዳል የሚለውን የጠየቅነው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። በሙከራው የተሳተፉትን ሰዎች በቁጥር እንጂ በስም አላውቃቸውም። በየሦስት ሳምንቱ እየመጡ ክንዳቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። ይህ ነው ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝ፤ ገንዘቡ አይደለም፣ የባከነው ዕድሜዬም አይደለም።

አሁን ሌላ ቦታ ነኝ፤ አነስ ያለ ኩባንያ ነው። ዒላማ ስንመርጥ በሽተኛውን በቅርብ ያየ ሰው አብሮን ይቀመጥ ብዬ አስቸግራለሁ፤ ሁሌ አይሰሙኝም። ለዚህ ነው የማስቸግርሽ፦ ጠብታው መውረድ ከጀመረ በኋላ ያለችውን የመጀመሪያዋን ሰዓት ጻፊልኝ። ቴርሞሜትሩ ሳይናገር አንቺ ምን ታያለሽ? መጀመሪያ የሚለወጠው ፊቱ ነው፣ አነጋገሩ ነው ወይስ እጁ? እነሱ ራሳቸው ምን ይሉሻል? እኛ ጋ በሚደርሰው ቅጽ ላይ «ብርድ ብርድ ማለት፣ መጠነኛ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው።

የወገብሽን ነገርም ጻፊልኝ፤ የሌሊት ተራው ቀረልሽ?

የማትረሳሽ ጓደኛሽ