ውጤቱን ለማን እንንገር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በካንሰር ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት አንድ ልመና ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። አስታማሚው፣ ብዙውን ጊዜ የበኩር ልጅ፣ ከአልጋው ራቅ አድርጎ ወደ ኮሪደር ይጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲስተር፣ አደራሽን፣ እማዬ እንዳትሰማ፤ እጢ ነው ብለናታል» ይለኛል። አንዳንዱ ፋይሉን ከእጁ አያወጣም። የምርመራው ውጤት የተጻፈበትን ወረቀት አራት አጥፎ ካልሲው ውስጥ የደበቀ ወጣትም አይቻለሁ። ስለ ሕክምና ስህተትና ስለ ካሳ በጋዜጦች ብዙ ይጻፋል፤ በየዕለቱ በየኮሪደሩ ስለምንዋዋለው ስለዚህ ዝምታ ግን ሲጻፍ ስላላየሁ ነው ይህን ደብዳቤ የላክሁት።

ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። «ከሰማች ተስፋ ቆርጣ ቶሎ ትሞትብናለች» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ ከዚህም ሌላ፣ ሕክምናው በመዋጮና በንብረት ሽያጭ በሚሸፈንበት ቤት ውስጥ አባት ሕመሙን ካወቀ «ለእኔ ብላችሁ ቤቱን እንዳትሸጡ» ብሎ መድኃኒቱን እምቢ ማለቱ እንደማይቀር ልጆቹ ያውቃሉ። እኔም ራሴ ከእነሱ አንዷ ነበርሁ። አባቴ በሌላ ሆስፒታል ሲታከም የጉበት ካንሰር እንዳለበት በታወቀ ጊዜ፣ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠብቄ «እባክህ እንዳትነግረው» ያልሁት የሙያዬን ሥነ ምግባር ለሌሎች ሳስተምር የኖርሁት እኔ ነኝ፤ ሐኪሙም አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቀኝ እሺ አለኝ። አባቴ መሐል ሜዳ በምትባለው የመንዝ ከተማ ካለው ታናሽ ወንድሙ ጋር በመሬት ምክንያት ከተኳረፈ ዓመታት አልፈው ነበር። በዚያ ክረምት «ትንሽ በርታ ስል ሄጄ እታረቀዋለሁ» ሲለኝ፣ እኔም «አዎ፣ ዝናቡ ያባራና ትሄዳለህ» እለው ነበር። መስከረም ሳይጠባ ዐረፈ። አጎቴ ለቀብር መጥቶ ሦስቱን ቀን ድንኳኑ ጥግ ላይ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ተቀመጠ።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው የሕክምና ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል በመርሕ ደንግጓል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299ም የጤና ባለሙያው አገልግሎት ከመስጠቱ በፊት የታካሚውን ፈቃድ እንዲያገኝ አዝዟል። እሺም ሆነ እምቢ ለማለት ግን የቀረበውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። «ትንሽ እጢ ነው» ተብላ በስምምነት ፎርሙ ላይ አሻራዋን ያሳረፈች እናት፣ ከማደንዘዣው ነቅታ ደረቷን ስትዳብስ ጡቷን ያጣች ጊዜ፣ የፈቀደችው ምኑን ነው? ውጤቱን ታካሚዋ ሳትፈቅድ ለልጇ አስቀድመን ስንነግርስ የማንን ምስጢር ለማን አሳልፈን ሰጠን?

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «ይህ የፈረንጅ ሥርዓት ነው፤ የእኛ ሰው አይችለውም» ይላሉ። ፈረንጁም ቢሆን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይደብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶ ያህሉ ካንሰር መሆኑን ለታማሚው አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናግረው ነበር፤ በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ የቀረበላቸው ሐኪሞች ደግሞ 97 በመቶዎቹ መንገርን መርጠዋል። በ18 ዓመት ውስጥ የተገለበጠ ልማድ የአንድ ሕዝብ ተፈጥሮ ነው ለማለት ይከብዳል። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የወጣ ጽሑፍ ሐኪሞች ክፉ ዜናን ለሐበሻ ታማሚ ፊት ለፊት ሲናገሩ ምን ያህል እንደሚያስደነግጡ አሳይቷል፤ አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ መንገር እንደሚመረጥ፣ በማታ መንገርም እንደማይገባ መክሯል። ይህንን ምክር የማላውቅ አይደለሁም፤ የምጠረጥረው ባህላችንን በከፊል ብቻ መጥቀሳችንን ነው።

እስቲ መርዶን እናስብ። ልጇ በሩቅ አገር የሞተባት እናት ባለችበት ድንገት አይነገራትም። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ዘመድና ጎረቤት ይጠራል፤ ሌሊቱን እንድትተኛ ተደርጎ ሊነጋጋ ሲል በሩ ይንኳኳል። ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ወንድምም «ትንሽ አሟቸው ነው» እየተባለ መንገዱን ይጨርሳል። ነገር ግን መርዶ ሁልጊዜ ይነገራል፤ ሳይነገር የቀረ መርዶ እንደ ነውር ይቆጠራል። ማታለሉ ለአንድ ሌሊት ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ እኛ በሆስፒታል ስድስት ወር አስረዘምነው። በአንጻሩ፣ ከውጭ ሠላሳ ሰው የተሰለፈበት ወጣት ሐኪም ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ በሁለት ደቂቃ «ካንሰር ነው፤ ሰኞ ተመለሺ» ብሎ ሲወጣ አይቻለሁ። ይህን «እውነት መንገር» ብሎ የሚያሞግሰው ካለ፣ ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ የመጣችበትን ታክሲ ተራ መለየት ተስኗት እጇን ይዤ የወሰድኋት እኔ ነኝ።

ምስጢሩ ደግሞ አይደበቅም። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ታካሚዎቹ በመካከላቸው «ቀዩ» ይሉታል። ልጆቿ «ቁስል ማድረቂያ ነው» ያሏት አንዲት እናት በሦስተኛው ዙር ቀዩ በክንዷ ሲገባ እያየች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ የተራቆተ ራሷን አሳየችኝና «ልጄ፣ ቁስል የሚያደርቅ መድኃኒት ጠጉር ይነቅላል እንዴ?» አለችኝ። ዝም አልሁ። «ተይው፣ ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ፤ ልጆቼ አላወቀችም ብለው ደስ ስለሚላቸው ነው፤ እንዳትነግሪያቸው አደራ» አለች። ቤይሩት የምትሠራ ልጅ ነበረቻት። «ነዪ» ብላ እንዳትጠራት፣ መጥራቷ ማወቋን ይገልጥባታል። ኑዛዜዋንም ቢሆን በግልጽ ለማድረግ አራት ምስክር መሰብሰብ ስለነበረባት፣ ያን ሁሉ ሰው በምን ሰበብ ትጥራ? እናትና ልጆች እርስ በርስ ሲጠባበቁ የቀራት ጊዜ አለቀ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ናሙና ከመወሰዱ በፊት፣ ገና ምንም ሳይታወቅ፣ ታካሚው ብቻውን «ውጤቱ ሲመጣ ለማን እንንገር?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም በካርዱ ላይ ይጻፍ። «ለልጄ» ካለ ለልጁ መንገር የእርሱን ፈቃድ መፈጸም ነው፤ «ለእኔ» ካለ ኮሪደር ላይ ለሚጠብቀን አስታማሚ የምንጠቅሰው ነገር አለን፤ ሐሳቡን ከቀየረም ካርዱ ይታረማል። ከዚህ ጋር በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍልና በጠዋት የሚመደብ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። ክፍሉን ማግኘት ከግማሽ ሰዓቱ ይቀላል፤ ሰልፉን የማውቀው ሰው ነኝ።

እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ማንም ሳያዝዘን ይህን መጠየቅ ጀምረናል። መልሱ እንደጠበቅነው አልሆነም። «መጀመሪያ ለንስሐ አባቴ» ያለች አለች፤ «ለባለቤቴ፣ ለወንድሞቼ ግን በፍጹም» ያለች አለች። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ አባት ጥያቄውን ከሰሙ በኋላ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ለእኔ ንገሩኝ፤ ልጄ ግን ልቡ ደካማ ነውና እንዳይሰማ» አሉኝ። እንዳሉት ጽፌ ስወጣ ልጁ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

አንዲት ነርስ
ከአዲስ አበባ