የጓሳ ማጨጃው ቀን መቼ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ መንዝ ውስጥ፣ መሃል ሜዳ ከተማ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ጋዜጣችሁ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። አንዳንዴም ሱቅ ውስጥ ስኳር ተጠቅልሎበት ነው የማገኘው። ቢሆንም ፈትቼ፣ አራግፌ አነበዋለሁ።

ለመጻፍ ያስነሳኝ አንድ የባህል ቀን ነው። በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት የቅርስና የባህል ዝግጅት አለ ብሎ ጠራን። አዳራሽ ውስጥ ነው። ፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ባነር ተሰቅሏል፣ ሞንታርቦው ግራና ቀኝ ቆሟል። መድረኩ ጥግ ላይ አንድ ነዶ የጓሳ ሳር አቁመዋል፤ ወገቡ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮለታል። ሙሽራ ነው የሚመስለው። ንግግሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሁሉም ተናጋሪ ስለ ጓሳ ጠቀሜታ ተናገረ። ሳሩን ግን የነካው ሰው የለም።

ከጎኔ የተቀመጡት ጎረቤቴ ሰማንያን አልፈዋል። ገመድ በመግመድ በሰፈራችን የሚያክላቸው የለም። ሪባኑን አተኩረው ሲያዩ ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሳሩ ራሱ ገመድ ይሆናል እኮ! በጨርቅ ያስሩታል?» አሉኝ። እሳቸውን አንድም ሰው ወደ መድረክ አልጠራቸውም። ቆሎና ለስላሳ ተሰጠንና ተበተንን። የሚወራለት የጓሳ ተራራ እዚያው ከከተማችን ማዶ ቁጭ ብሏል።

ጓሳን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ጓሳ መንዝ ውስጥ ያለ፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫም ደጋ ነው። ከባህር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ጅብራው፣ አስታው፣ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው ያለው እዚያ ነው። ስሙን ያገኘው ግን ከሳሩ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠንካራ ሳር ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሆናል፣ ፍራሽ ይሞላበታል።

ሰዉ ደግሞ ዝም ብሎ አያጭደውም ነበር። ቄሮ የሚባል ሕግ ነበረው። (ዛሬ ቄሮ ሲባል ሰው ሌላ ነገር ያስባል። የእኛው የሳር ሕግ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተገጣጠመው።) ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገርለታል። አስቦና ጌራ የሚባሉት የአቅኚ አባቶች ተወላጆች አባ ቄራ የሚባል የሕጉ አስከባሪ ይመርጣሉ። አባ ቄራው ጓሳውን ይዘጋዋል። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ጥበቃውም በተራ ነው፤ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ይወጣል። ትኩስ ጓሳ ጣሪያው ላይ የተገኘበት ሰው ቤቱ ይቃጠል እንደነበር አያቴ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሳሩ ሲደርስ አባ ቄራው ቀን ይቆርጣል። ያኔ ነው ጓሳ የሚከፈተው።

አንዱን መክፈቻ አይቻለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ብሆን ነው። አባቴ ከዋዜማው ጀምሮ ማጭዱን በድንጋይ ሲስል አመሸ። እናቴ ዳቦ ጋገረች። እኔ ቆሎውን ይዤ ከአህያዋ ኋላ ሄድኩ። ሌሊት ነው የወጣነው። ውርጩ መሬቱን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ከላይ ስንደርስ ሰዉ በየአጥቢያው ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ተፈቀደ። የዚያ ሁሉ ማጭድ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሽው፣ ሽው፣ ሽው። የሚያወራ ሰው አልነበረም። ፀሐይ ወጥታ ሙቀት ሲሰማቸው ነው ወንዶቹ መዝፈን የጀመሩት። አባቴ አንድ ጭብጥ ሳር አንስቶ፣ ሁለቱን ጫፍ በመዳፉ አሽቶ፣ ዓይኔ እያየ ክር አደረገው። «ያዢ» ብሎ ሰጠኝ። ብጎትተው አልበጠስ አለኝ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ታወጀ። ከአዋጁ ጋር ቄሮም ቀረ። በአዋጁ ልማረር አይደለም፤ ጭሰኛ የነበረ ሰው የሚለው ሌላ ነው። ጓሳው ግን ባለቤት አጣና ለጥቂት ዓመታት ሁሉም እንደፈለገው አጨደው፣ አሰማራበት። ኋላ ሰዉ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ መጠበቅ ጀመረ። ዛሬ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ይህ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ብዙ ቦታ እንዲህ ያለው ሥፍራ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ጠፍቷል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሜሪካ ያለችው ልጄ ወስዳኝ አምስት ወር ሜሪላንድ ተቀመጥኩ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ይሉታል፤ ካውንቲ ማለት እንደኛ ወረዳ ቢሉት ያስኬዳል። የካቲት ላይ ልጄ «ነይ፣ የዛፍ ውሃ ሲቀዳ እናያለን» አለችኝ። ለዛፍ ውሃ? ሄድን። ሜፕል የሚባለውን ዛፍ በመሰርሰሪያ በሱት፣ ትንሽ ቧንቧ ሰኩበት፣ ባልዲ አንጠለጠሉበት። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ሲሆን ነው የሚፈሰው አሉን። ስለ ውርጭ እንኳ ለመንዝ ሰው ባይነግሩትም ነበር። ወደ 40 ሊትር የሚሆነው ተቀቅሎ፣ ተቀቅሎ 1 ሊትር ሽሮፕ ይወጣዋል። የልጅ ልጄ ከባልዲው በጣቷ ቀመሰችና «እማማ፣ ውሃ እኮ ነው!» አለች። እውነቷን ነው።

ይህን ውሃ ለማየት ሰዉ ልጆቹን ይዞ ቀድሞ ተመዝግቧል። ቀኑ ከሳምንታት በፊት ተነግሯል። ዛፉን የሚበሳው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ንግግር አላደረገም፣ በሳ። ልጆቹም በሱ።

ሌላ ቀን ደግሞ እዚያው ካውንቲ ውስጥ ጆሳያ ሄንሰን የሚባል ሰው በባርነት የኖረበትን እርሻ አየሁ። ሰውዬው በፈረንጆቹ 1830 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ካናዳ አምልጧል። የጌታው ቤት አሁን ሙዚየም ሆኗል። ልጆቹን ያስገቧቸው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። የሚያሳፍራቸውን ታሪክ እንኳ ቦታው ላይ ወስደው ነው የሚያስተምሩት። እኛ የምንኮራበትን አዳራሽ ውስጥ በሪባን እናስረዋለን።

አሜሪካን እንምሰል እያልኩ አይደለም። እነሱ እንደ ጓሳ ያለ ነገር ቢኖራቸው ኖሮ ብዬ ግን አስቤያለሁ።

እዚህ ለጓሳ የሚመጣ እንግዳ ቀበሮና ጭላዳ አይቶ ይመለሳል። ደግ። ተመራማሪዎችም ዓመት ከዓመት ተቀምጠው ያጠናሉ። ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሃል ሆና አይጥ ስታድን ከ100 ሙከራ 67 ያህሉ እንደሚሳካላት፣ ብቻዋን ስትሆን ግን 25 ብቻ እንደሆነ ቆጥረው ጽፈዋል። እረኞቻችን ቀበሮ ከጭላዳ ጋር እንደምትውል ድሮም ያውቃሉ፤ ቁጥሩን ብቻ አልጻፉትም። በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ጊዜ 41 ተማሪ ይዤ ወጥቼ ነበር። ከ41ዱ ቀበሮ አይቶ የሚያውቅ ሦስት ልጅ ነው። ቄሮ ምን እንደነበር የሚያውቅ አንድም አልነበረም። እነዚህ የመሃል ሜዳ ልጆች ናቸው እንግዲህ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጓሳው ለማጨድ በሚከፈትበት ጊዜ አንድ ቀን የሁሉም ቀን ይሁን። ቀኑ ቀድሞ ይነገር፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በትምህርት ቤት፣ በእናንተም ጋዜጣ። አዛውንቶቹ ያጭዱ፣ ልጆች አጠገባቸው ቆመው ይሞክሩ። አንዱ ገመድ ይግመድ። አንዱ ትንሽ ጎጆ ይክደን፤ ሳሩ ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚደረብ ልጆቹ ይዩት። ከአቅኚ አባቶች ልጆች አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ለምን ይዘጋ እንደነበር ይንገሯቸው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ሞንታርቦ አይግባ። ይህን በጥብቅ አሳስባለሁ። ውሻም ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር። የእብድ ውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ መርዝ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም ያሉት እኛው አገር ውስጥ ነው። የሰዉም ቁጥር ይወሰን። ሳሩን ልናሳይ ሄደን ሳሩን ረግጠን እንዳንመለስ።

ይኸው ከተለመደ በኋላ ሌላውን ወቅት ማሰብ ይቻላል። የቡሄ ሰሞን የልጆቹ ጅራፍ አለ፤ አሁን አሁን ርችት እየተካው ነው። ለገና የገና ጨዋታ አለ፤ ሜዳ እንደሆነ ሞልቶናል፣ የከተማችን ስም ራሱ ሜዳ ነው። ሐምሌን ተዉት። በሐምሌ ጉሙ የራስን እጅ አያሳይም። አንኮበርም ቢሆን ሰው የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ላይ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል። የዚያን ግን የአንኮበር ሰው ይጻፈው።

ለውጭ እንግዳ ነው እንዳትሉኝ። መንገዱ እንዴት እንደከረመ እናንተም ታውቃላችሁ። ቱሪስት ባይመጣም ልጆቻችን እዚሁ ናቸው፤ በእግርም ይደርሳሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «ቆርቆሮ እያለ ሳር ምን ያደርግልናል?» ይሉኛል። እኔም የምኖረው በቆርቆሮ ቤት ነው። በረዶ ሲዘንብ ከባለቤቴ ጋር የምንነጋገረው በምልክት ነው። ወደ ሳር ቤት ተመለሱ ያልኩት ሰው የለም። ሲከደን ግን ይዩት።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ስጨርስ ለገመድ ገማጁ ጎረቤቴ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አንድ ቦታ ብቻ አረሙኝ፤ ጓሳ ለገመድ ከመሆኑ በፊት ውሃ መነከር አለበት፣ ደረቁ ይሰባበራል አሉ። አባቴ ያን ቀን ያሸው ሳር ውርጭ የመታው ስለነበር ነው የታዘዘለት። ይህን እስከዚህ ዕድሜዬ አላወቅኩም ነበር። ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ።

«የቀን አበሉን ጽፈሽበታል?» አሉኝ።

አልጻፍኩም ነበር። ይኸው ጽፌዋለሁ። ንግግር ለሚያደርግ ሰው የሚከፈል ከሆነ ለሚገምደውም ይከፈል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ከመሃል ሜዳ