«ልስኑን ላጡትና ተዉት» ለምትሉን ደንበኞቻችን

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ከረማችሁ?

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ የምትጠይቁን አንድ አይነት ነገር ስለሆነ ለሁላችሁም ባንዴ እንመልስ ብለን ነው። ኢንዱስትሪያል ስታይል (ቤቱን የድሮ ፋብሪካ የሚያስመስለው ዲዛይን) ማለት ልስኑን ልጦ ኮርኒሱን አውርዶ ቱቦውን አሳይቶ መተው አይደል እንዴ፣ ታዲያ ለምን ከተለሰነው ቤት እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ታስከፍሉናላችሁ ነው ጥያቄው። እውነት ለመናገር እኛም ስራውን ስንጀምር እንደዛ ነበር የምናስበው።

ስታይሉ በዋናነት የመጣው ከኒውዮርክ ነው፣ ሶሆ የሚባለው ሰፈር ፋብሪካዎቹ ለቀው ሲወጡ ባዶ የቀሩትን ሰፋፊ ፎቆች አርቲስቶች ለስቱዲዮ እየተከራዩ እዛው መኖር ጀመሩ (ከተማው በህግ የፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፣ እስከዛ ድረስ ተደብቀው ነበር የሚኖሩት)። እነሱ ግን ብዙ የሚልጡት ነገር አልነበረም፣ ጡቡም የብረት ምሰሶውም ድሮውኑ እንደዛው የቆመ ነው። የናንተ ቤት ደግሞ ልስን ይሸፍነዋል ተብሎ የተሰራ ስለሆነ ስንልጠው ብዙ ጊዜ የምናገኘው ጠርዙ የተበላ ብሎኬት፣ የተዝረከረከ ሲሚንቶና ለሽቦ የተቦረቦረ ግድግዳ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ጥግ ላይ መዳፍ የምታክል ብቻ ከፍተን የምናየው። ቆንጆ ጡብ ከወጣ እሰየው፣ ይጠረግና እርጥበት የሚያስተነፍስ ሲለር (ላዩን ይዞ እንዳይረግፍ የሚያደርግ ቅብ) ይቀባል፣ አለበለዚያ አቧራው ሶፋችሁ ላይ መርገፉን አያቆምም። ካልወጣ ግን ልስኑ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ላዩ ላይ ማይክሮሲመንት (ስስ የሲሚንቶ ልባስ) እናደርጋለን፣ ውፍረቱ 2 ወይ 3 ሚሊሜትር ነው፣ ሲያዩት ኮንክሪት ነው።

ሽቦውም እንደዛው ነው፣ ግድግዳ ውስጥ ሲቀበር ቢጣመም ማን ያየዋል፣ በብረት ቱቦ ውጪ ለውጪ ሲሄድ ግን እያንዳንዱ እጥፋት ስለሚታይ ኤሌክትሪሺያኑ ውሃ ልክ ይዞ ነው የሚውለው። ቱቦው ደግሞ የግድ ከመሬት ሽቦ ጋር መታሰር አለበት፣ አለበለዚያ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ቢነካው ቱቦው ራሱ ይነዝራል። እዚህ ላይ አንደራደርም።

ሌላው ድምፅ ነው። ኮንክሪት፣ መስታወትና ብረት ድምፅ አይውጡም፣ መልሰው ይወረውሩታል። አንዲት ደንበኛችን ሳሎናቸው ካለቀ በኋላ ደውለው «ቤቱስ አምሯል፣ ግን ስናወራ ጉድጓድ ውስጥ ያለን ነው የሚመስለው» አሉን። ጥፋቱ የኛ ነበር፣ ምንጣፍ አልፈልግም ሲሉን ዝም ብለን ተስማምተናል። አሁን ወፍራም ምንጣፍና እስከ ወለል የሚወርድ መጋረጃ ከመጀመሪያው እቅድ ውስጥ እናስገባለን፣ አትከራከሩን በናታችሁ። አምፖል ስትገዙም 2700 ኬልቪን የሚለውን (ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ማለት ነው) እዩ፣ ነጩ ብርሃን ግራጫ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ጋራዥ ነው የሚያስመስለው።

እንግዲህ ለማጠቃለል፣ ቀጠሮ ስትይዙ የክፍሉን ፎቶ ላኩልን፣ ልስኑን ግን እኛ እስክንመጣ አትንኩት።

ከሰላምታ ጋር
የናንተው የቤት ውስጥ ዲዛይን ልጆች