ለአንድ ትሪ አንድ ሕግ አይበቃም

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልደታም እንደተውሻት ናት። አያትሽ አራተኛ ፎቅ ድረስ አሁንም በእግሯ ትወጣለች። በየፎቁ ታርፋለች፤ በየፎቁ ካገኘችው ጎረቤት ጋር ታወራለች።

አንድ ጥናት አይተሽ በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ የላክሽውን አንብበነዋል። «ከሰኞ ጀምሮ ሁላችንም ቁርስ እንተዋለን። እንጀራ በቀን አንዴ ብቻ። እራት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት» ብለሻል። ወንድምሽ ሳቀ። እናትሽ «እሺ» አለች፤ የእሷን እሺ ደግሞ ታውቂዋለሽ። አያትሽ «ምን ጾም ገባ?» ብላ ጠየቀች።

ሐሳብሽን አልጠላሁትም። ያየሽው ጥናት ውሸት ነውም አልልም። «ሁላችንም» ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። እዚህ ቤት የ15 ዓመት ልጅ አለ። የ83 ዓመት አያት አለች። እኔና እናትሽ መሐል ላይ ነን። አንቺ ደግሞ ልጅ ለመውለድ እያሰብሽ ነው። ስለ ምግብ አንድ ጥናት ሲነገርሽ መጀመሪያ «በማን ላይ ተጠና? በስንት ዓመት ሰው ላይ?» ብለሽ ጠይቂ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት የአጥኚዎችን መኪና ስነዳ ነው። ሹፌር ደግሞ የማይሰማው ነገር የለም። ቀን ቀን ሚዛኑንና የቁመት መለኪያውን ሳንቃ ተሸክሜ አግዛቸው ነበር። ማታ ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ሲከራከሩ እሰማለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ራሴም ማንበብ ለመድኩ። ምን ይሠራል ጡረተኛ!

ይህን ሥራ ከባድ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ትሪው ነው። ሰው በየሳህኑ በሚበላበት አገር ሳህኑን መዝነሽ ትጨርሻለሽ። እኛ ጋ አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ይበላል። ጠያቂዋ መዝገቧን ዘርግታ «ሕፃኑ ትናንት ምን በላ? ምን ያህል በላ?» ትላለች። እናትየው ምን ትበል? አባቱ ያጎረሰው አለ። እህቱ የቀማችው አለ። ጎረቤት ቤት የቀመሰው አለ። አንዷ እንግዳ ፊት እንዳታፍር ያላበላችውን እንቁላል ትጨምራለች። ሌላዋ እርዳታ የመጣ መስሏት ያበላችውን ትቀንሳለች። እንጀራው ተመዝኖ፣ ወጡ በጭልፋ ተቆጥሮ፣ በስንት መከራ አንድ ግምት ይወጣል። በዚያ ላይ ወሩ አለ። በዐቢይ ጾም የሄደ ቡድን የሚጽፈውና ከፋሲካ በኋላ የሄደው የሚጽፈው አንድ አይሆንም። ስለዚህ «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ነገር ስሰማ «እንዴት ለክተውት?» እላለሁ። የሹፌር አመል ነው፤ ታገሺኝ።

ቁመት ግን አያፍርም፤ እርዳታም አይጠብቅም። ስለ ሕፃናት የሚታወቀው ነገር ጠንከር ያለው ለዚህ ይመስለኛል። የ77ቱን ረሃብ ስንናገር ሰምተሻል። ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር የሚባሉ ተመራማሪዎች በዚያ ጊዜ ሕፃናት የነበሩትን ልጆች ካደጉ በኋላ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2014 አሳተሙ። ረሃቡ ሲበረታ ከ3 ዓመት በታች የነበሩት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ቀርተዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም አንሷል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ዘንቧል፤ እህሉም ተገኝቷል። ያ የጠፋው ሴንቲ ሜትር ግን አልተመለሰም።

ሌላው ከጓቲማላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 አራት መንደሮች ተመረጡ። በሁለቱ ፕሮቲን ያለው አጥሚት መሰል ነገር ተሰጠ። በሁለቱ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ተሰጠ። ሕፃናቱ ጎልማሳ ሲሆኑ አጥኚዎቹ ተመልሰው ፈለጓቸው። 2 ዓመት ሳይሞላቸው አጥሚቱን ያገኙት ወንዶች የሰዓት ክፍያቸው በአማካይ 46 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከ3 ዓመት በኋላ ያገኙት ላይ ይህ አልታየም። የሴቶቹ ክፍያ ላይም አልታየም፤ ይህንን ትተው የሚያወሩ ብዙ ናቸው። ያው አጥሚት ነው፣ ያው መንደር ነው። በወንዶቹ መካከል የተለየው ዕድሜው ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ «1000 ቀናት» ተብሎ የሚለጠፈው ይኸው ነው። 270 ቀን በማሕፀን፣ 730 ቀን እስከ 2 ዓመት። በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ለዕድሜያቸው የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ወደ 58 ነበሩ። በ2019 ወደ 37 ወርደዋል። ትልቅ ለውጥ ነው። 37 ግን አሁንም ብዙ ልጅ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ይህን እናትሽ ብትጽፈው ይሻል ነበር። ግን እስክሪብቶው እኔ እጅ ነው፤ አትፈሪኝ። ልጅ እያሰብሽ ከሆነ ቁርስ የምትተይበት ጊዜ አይደለም። ከሁሉ በፊት ፎሊክ አሲድ የሚባለውን የቫይታሚን ክኒን ጀምሪ። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። «ሳረግዝ እጀምራለሁ» ያለች ዘገየች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ በ7 አገሮች የተደረገ ጥናት አለ። ከዚህ በፊት ይህ ቱቦ ሳይዘጋ ቀርቶ የተጎዳ ፅንስ የገጠማቸው ሴቶች ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ጉዳቱ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ በ72 በመቶ ቀነሰ። ከዚህ በፊት ያልገጠማት ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ይበቃታል። ጀርባቸው ላይ ክፍተት ይዘው ወይም ጭንቅላታቸው ውሃ ቋጥሮ የሚወለዱ ሕፃናት በእኛ አገር ጥቂት አይደሉም። መንግሥት የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድን በመሰሉ ንጥረ ነገሮች እንዲበለፅግ የሚያስገድድ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 አውጥቷል። እኛ የምንበላው ግን ጤፍ ነው። ዳቦ ይሸፍንልኛል ብለሽ አትቀመጪ።

ልጁ ሲወለድ ደግሞ አያትሽ ቅቤ ይዛ እንደምትመጣ ከአሁኑ እወቂ። «ላስውጠው፣ አንጀቱ ይለስልስ» ትላለች። በፍቅር ነው። አንቺ ግን እንገሩን አጥቢው፤ እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ውሃም ቢሆን አትስጪው። አያትሽን እኔ እይዛታለሁ። ከ6 ወር በኋላ ደግሞ አጥሚቱ ቀጥኖ ውሃ እንዳይሆን። ከማንኪያ የማይወርድ ገንፎ ይሁን፤ እንቁላልም ይግባበት። መስክ ላይ ያየሁት ነገር አለ። እናቶች በጾም ወቅት ለ1 ዓመት ሕፃን እንኳ እንቁላልና ወተት አይሰጡም። ሕፃን ይጹም ብሎ ያዘዘ የለም። ዕቃው ይፈሰክብናል ብለው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለልጁ የብቻው ድስትና ማንኪያ ይኑረው። አንቺን እናትሽ ያሳደገችሽ በፋፋ ነው። እሱም ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ በስዊድን ድጋፍ ከተጀመረ የሕፃናት ሥነ ምግብ ምርምር የወጣ ነው።

ስለ ወንድምሽ ብዙ አልልም። አሁን እየተመዘዘ ነው። ሱሪ በየሦስት ወሩ! አጥንቱ አብዛኛውን ጥንካሬውን የሚያከማቸው እስከ 20 ዓመቱ ገደማ ነው። የሰፈሩ ትናንሽ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ አንቺ የወንድምሽን ቁርስ ልትነጥቂ! ይልቅ በየቀኑ የሚጠጣውን ለስላሳ ብታስተዪው ደስ ይለኛል። እርጥቡን አልነካበትም፤ እኔም አልፎ አልፎ እቀምስበታለሁ።

ስለ እናትሽና ስለ እኔ ጥሩ ወሬ አለ፤ መጥፎ ወሬም አለ። «ከ40 በኋላ ሰውነት እሳቱን ይቀንሳል፤ ቦርጭ የዕድሜ ነው» እንባባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ከ6,400 በላይ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ከ8 ቀን ሕፃን እስከ 95 ዓመት ሽማግሌ፣ ከ29 አገሮች። ሰውነት ለመጠኑ የሚያቃጥለው ጉልበት ከ20 እስከ 60 ዓመት እምብዛም አይለወጥም። ከ60 በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚወርደው። ለመጠኑ ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለው ደግሞ የ1 ዓመት ሕፃን ነው፤ ከአዋቂ በ50 በመቶ ይበልጣል። እንግዲህ የእኔ ቦርጭ የመጣው መሪ ላይ ከተቀመጥኩበትና ከዘይቱ ነው። ምክርሽ የሚሠራው እኛ ላይ ነው። እኔ እራቴን በጊዜ እበላለሁ፤ እናትሽም ጨው ትቀንሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። በርበሬውም ሲዘጋጅ ጨው እንዳለበት አትርሺ።

እናትሽ ደም አንሶሻል ከተባለች ወዲህ ስለ ቡናዋ ተጨቃጭቀናል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ አንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ሰውነት የሚወስደውን አይረን በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ይቀንሳል ይላል። የሚገርመው ሌላ ነው። ከምግብ በኋላ 1 ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ቡናም ያንኑ ያህል ቀነሰ። ከምግብ 1 ሰዓት በፊት የተጠጣው ግን ምንም አላደረገም። ስለዚህ ቡናውን ከምሳ በፊት አድርገነዋል። ጎረቤቶች መጀመሪያ ግር ብሏቸው ነበር። አሁን ቀድመው ይመጣሉ።

አሁን አያትሽ። ልጄ፣ እሷ ላይ ያልሽው ነው ያሳሰበኝ። ለእኔ «ቀንሱ» የሚለው ምክር መድኃኒት ነው። ለእሷ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በእሷ ዕድሜ ሰው የሚጎዳው ጡንቻው አልቆ ሲወድቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የባለሙያዎች ቡድን አረጋውያን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል ብሏል። ለወጣት 0.8 ይበቃል ይባላል። አያትሽ 50 ኪሎ ናት፤ ስለዚህ ከ50 እስከ 60 ግራም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ገደማ። ቁርስ ነጥቀሻት፣ እንጀራዋንም በቀን አንዴ ካደረግሽው ከየት ታመጣዋለች? የግፊት መድኃኒቷንም በባዶ ሆድ አትወደውም።

ጾሟን አልነካም። የነፍስ አባቷ «አንቺ ይበቃሻል» ብለዋት ነበር፤ እሷ ናት እምቢ ያለች። ምስሩንና ሽሮውን ወፈር አድርገን እናቀርብላታለን። ቫይታሚን ቢ12 ግን በምስር አይገኝም፤ ከእንስሳት ምግብ ነው የሚመጣው። ጉበት ለዓመታት ስለሚያከማቸው ጾሙ ብቻውን አይጎዳም። በእርጅና ግን ጨጓራ ቢ12ን ከምግብ መለየት ይደክመዋል። ስለዚህ የደም ምርመራ ላደርግላት አስቤያለሁ። ውሃም እናስታውሳታለን፤ በዚህ ዕድሜ ጥም አይሰማም።

«ምድር ቤት ተከራዩላት፣ ደረጃው ይገድላታል» ያልሽውንም አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ 90 ዓመት አካባቢ የሆናቸውን 10 አረጋውያን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት አስነሷቸው። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ደረጃውን አልከለክላትም። ከኋላዋ እወጣለሁ።

ለእኔ የላክሽው የቫይታሚን ብልቃጥ ላይ ቤታ ካሮቲን ይላል፤ ካሮት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው። አመሰግናለሁ፤ ግን አልወስደውም። ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሾች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ወጣ። ክኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 ነበር። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት እንዳጨስኩ ታውቂያለሽ። ካሮቱን ከእሁድ ገበያ ገዝተን በወጥ እንበላለን።

እንግዲህ ለፋሲካ ስትመጡ ከባሕር ዳር ዓሣ ያዙልን፤ በበረዶ አሽጋችሁ። ከዚያ በፊት ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ፎሊክ አሲዱን ጠይቂ። ስትወስጂ ለእናትሽ ደውይላት፤ እኔ ጋ አትደውዪ፤ እሷ ትነግረኛለች። ቴሌግራሙ ላይ ደግሞ «ሁላችንም» የሚለውን አጥፍተሽ «አባዬና እማዬ» ብለሽ ጻፊው። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

አባትሽ
ልደታ፣ አዲስ አበባ