ከቅጥሩ በፊት

ስቶክሆልም፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤
ካራ፣ አዲስ አበባ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ገብቷል፣ ፀሐይም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች።

ባለፈው በስልክ የነገሩኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገቡት ምእመናን ተጨምረውበት የእሁዱ ሕዝብ ከቆርቆሮው አዳራሽ አልፎ ደጅ እንደሚቆም፣ ለዓርብ ሌሊቱ ጸሎት ግን የሚመጡት ሰባት ሰዎች ብቻ እንደ ሆኑ፣ ሽማግሌዎችም በአዲሱ ሕንፃ ጉዳይ ተቀያይመው ሰላምታ እስከ መነፋፈግ እንደ ደረሱ ሲነግሩኝ ድምፅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለግንባታው የተጠየቅሁትን እልካለሁ፤ ዛሬ የምጽፍልዎት ግን ስለ ገንዘቡ አይደለም።

በደርግ ዘመን ቤታችን ውስጥ ይደረግ የነበረው ጸሎት ትዝ ይለኛል። ያኔ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ ጊዜ እያሳለፉ ይገባሉ፤ ጫማቸው ደጅ ተደርድሮ እንዳይታይ እኔ እየሰበሰብሁ አልጋ ሥር አስገባ ነበር። እማዬ እንግዳ የመጣ እንዲመስል ቡና ትቆላለች፣ ሬዲዮው ከፍ ይላል፣ እርስዎ ሰሌኑ ላይ ተንበርክከው በሹክሹክታ ይጸልያሉ። በ1971 ዓ.ም. ወንጌል አስተምረው ሲወጡ ታፍነው የተወሰዱትን የቄስ ጉዲና ቱምሳን ስም ጠርተው ሲያለቅሱ ያየሁዎት በዚያ ሰሌን ላይ ነው። ሕንፃም ድምፅ ማጉያም አልነበረንም፤ ነገር ግን አንዱ ቤት ዱቄት ሲያልቅ ሌላው ሳይነገረው ያውቅ ነበር።

እዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን ቅዳሜ የምንሰበሰብበት አዳራሽ የአንድ አሮጌ የስዊድን ጉባኤ ነው። በ1858 ዓ.ም. ምጽዋ የደረሱት የመጀመሪያዎቹ የስዊድን ሚሲዮናውያን የተላኩት ከዚህ አገር ነው፤ ከባርነት ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ የተማረው በእነርሱ ጣቢያ ነበር፤ እርሱም ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አበረከተልን። እነዚያን መልእክተኞች የላኩት ሰዎች እንደ እኛው በየቤቱ የሚጸልዩ ነበሩ፤ እስከ 1851 ዓ.ም. ድረስ ያለ ካህን በቤት መሰብሰብን የሚከለክል ሕግ ነበረባቸው። ባለፈው እሁድ በጉባኤያቸው ተገኝቼ ሰዉን ቆጠርሁ፤ አሥራ አንድ ናቸው፣ ሁሉም ሽበታቸው ነጭ። ጣሪያው አያፈስም፣ ወንበሩም ተወልውሎ ያበራል። አንዲት አሮጊት ስንወጣ እጄን ይዘው «የሚጸልዩት አለቁብን» አሉኝ። ልፈርድባቸው አይደለም፤ ወንጌል ያደረሱልን የእነርሱ አባቶች ናቸው። ነገር ግን የካራው ጉባኤያችን ታሰበኝና እስከ ቤቴ ድረስ እያለቀስሁ ሄድሁ።

እንደ እኔ በሰው አገር የነበረው ነህምያ፣ በሱሳ ግንብ ሳለ ወንድሙ አናኒ መጥቶ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲነግረው፣ ድንጋይ ስለ ማቅረብ አላሰበም፤ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ጾመ፣ እርሱም የአባቱም ቤት መበደላቸውን ለእግዚአብሔር ተናዘዘ። ይህ የሆነው በካሴሉ ወር፣ ልክ በዚህ ሰሞን ነው፤ ንጉሡን ደፍሮ የለመነው ግን በኒሳን ነው። አራት ወር ያህል ጸለየ ማለት ነው፤ ቅጥሩ ራሱ በ52 ቀን አለቀ።

እኔም ከራሴ ልጀምር። ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ በመላኬ የጸለይሁላችሁ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ከሌሊት ተራ ስመለስ እንቅልፌን አስቀድሜአለሁ፤ ጉባኤያችንን በስም ጠርቼ የለመንሁባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። እግዚአብሔርም፣ እናንተም ይቅር በሉኝ።

አባቴ፣ ልጅ አባቱን ሊመክር አይገባውም፤ በድፍረት አይቁጠሩብኝ። በሕንፃው ምክንያት የተኳረፏቸው ሽማግሌ በዚያ ሰሌን ላይ ከጎንዎ ይንበረከኩ የነበሩት ናቸው። ጫማቸውን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ተረከዙ በጎማ የተጠገነ ጥቁር ጫማ ነበር፣ ሁልጊዜም ከእርስዎ ጫማ አጠገብ ነበር የማስቀምጠው። ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ እባክዎ እርስዎ ቀድመው ይሂዱላቸው። እንዲህ ተለያይተን መንፈስ ቅዱስ ያድሰን ብለን ብንጮኽ ልባችን ራሱ ይወቅሰናል።

ቢፈቅዱ ለሽማግሌዎች ጉባኤ አንድ አሳብ ያቅርቡልኝ፦ የግንባታው መዋጮ እስከ ፋሲካ ይቆይና ዓርብ ሌሊቱን ለጸሎት ብቻ እንስጠው። ከየካ አባዶ የሚመጡትን ወጣቶችም በየስማቸው ይጥሯቸው፤ ማንም ስላልጠራቸው የቀሩ ይኖራሉ። እናንተ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስትነሡ እዚህ 7 ሰዓት ነው፤ ዓርብ ዓርብ የሌሊት ተራ እንዳይመደብብኝ አለቃዬን ጠይቄ ፈቅዶልኛል። የሰባቱን ሰዎች ስም ይላኩልኝ፤ ከዚህ ዓርብ ጀምሮ አብሬያችሁ እንበረከካለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። እኒያን ሽማግሌም፣ ሲሄዱላቸው፣ ጫማቸውን ይደብቅ የነበረው ልጅ ሰላም ብሎዎታል ይበሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ